ባዶ ክፍል ውስጥ ድምፅ ስቀዳ ኢኮ አስቸገረኝ፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ለቪዲዮ ድምፅ የምቀዳው ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው፣ ግድግዳው ልስን ወለሉ ሴራሚክ፣ ዕቃም ብዙ የለበትም። ማይኩ ደህና ማይክ ነው ግን መልሼ ስሰማው በርሜል ውስጥ ሆኜ የማወራ ነው የሚመስለው። ሳጨበጭብ ደግሞ «ዝርርር» የሚል ነገር ይመልስልኛል። የእንቁላል ካርቶን ለጥፍበት አሉኝ፣ ይሰራል? ወይስ ፎም (ድምፅ የሚውጠውን ስፖንጅ) ልግዛ?

ሞገድ_አሳዳጅ፦
ካርቶኑን እርሳው ወንድሜ፣ ስስ ወረቀት ነው፣ በጣም ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ቢበትን ነው እንጂ ዋናው የሰው ድምፅ ከነመኖሩም አይቆጥረው። ዝርርር የሚልህ ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት ግድግዳዎች ድምፁን እየተቀባበሉት ነው፤ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ግድግዳዎቹ 3 ሜትር ቢራራቁ ደርሶ መልሱ 6 ሜትር ነው፣ በ17 ሚሊሰከንድ አንዴ ማለት ነው፣ ጆሮ ይሄን ነጥሎ መስማት ስለማይችል እንደ ገደል ማሚቶ ተለይቶ ሳይሆን ተያይዞ ነው የሚሰማህ። ከሁለቱ አንዱ ላይ ብቻ ወፍራም ብርድ ልብስ ብትሰቅል ቅብብሎሹ ይዳከማል።

የማታ_ቀጂ፦
ግን ግድግዳው ላይ እንዳታጣብቀው! ጠንካራ ግድግዳ አጠገብ አየሩ ወዲያ ወዲህ ማለት አይችልም፣ ጨርቅ ደግሞ ድምፅ የሚበላው አየሩ በክሮቹ መሃል ሲመላለስ በሚፈጠረው ፍትጊያ ነው፣ ካልተንቀሳቀሰ ምኑን ይበላዋል። እንቅስቃሴው የሚበረታው ከግድግዳው በሞገዱ ርዝመት ሩብ ላይ ነው፣ ለ1000 ኸርዝ (በሰከንድ 1000 ጊዜ ለሚርገበገብ ድምፅ) 8.5 ሳንቲም፣ ለ500 ኸርዝ 17 ሳንቲም። ስለዚህ 10፣ 15 ሳንቲም አርቀህ ስቀለው።
ቦታውን ለማወቅ ደግሞ፣ የምታወራበት ቦታ ተቀመጥ፣ ሌላ ሰው መስታወት ግድግዳው ላይ እያስጠጋ ያንሸራትት፣ ማይኩ መስታወቱ ውስጥ የታየህ ቦታ ላይ ነው ድምፅህም ነጥሮ ማይኩ ጋ የሚደርሰው፣ የሚመጣበትና የሚመለስበት አንግል እኩል ነዋ።

12ኛ_ክፍል፦
ቆይ ግን ሞገድ ከግድግዳ ሲመለስ ይገለበጣል አልተባልንም እንዴ? ከተገለበጠ ከዋናው ድምፅ ጋር ተጣፍቶ ለምን ዝም አይልም?

ሞገድ_አሳዳጅ፦
እሱ የገመድ ነው። ጫፉ የታሰረ ገመድ ላይ ወደላይ የላክኸው ሞገድ ወደታች ሆኖ ይመለሳል፣ ጫፉ ልቅ ከሆነ ሳይገለበጥ። ድምፅ ላይ ግን በምን እንደለካኸው ነው፤ ግድግዳ ጋ የአየሩ እንቅስቃሴ ይገለበጣል፣ ግፊቱ አይገለበጥም፣ ክፍት የቱቦ ጫፍ ላይ ደግሞ ተቃራኒው።
መጣፋቱ ግን አለ። ነጥሮ የመጣው ድምፅ ከቀጥታው 34 ሳንቲም የረዘመ መንገድ ከሄደ 1 ሚሊሰከንድ ይዘገያል፣ ያኔ ከድምፅህ ውስጥ 500፣ 1500፣ 2500 ኸርዝ እያለ እየዘለለ ያጠፋብሃል። የበርሜሉ ነገር ከዚህም ይመጣል።

ጠያቂ፦
ማይኩ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው፣ ከጎኑ ላፕቶፕ አለ። እነሱም ይመልሳሉ ማለት ነው?

የማታ_ቀጂ፦
እንዴታ! ለማይኩ ከግድግዳው ይልቅ እነሱ ናቸው ቅርብ። ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ፎጣ አጥፈህ አንጥፍ፣ ላፕቶፑን ዞር አድርገው፣ ማይኩን ከአፍህ አንድ ስንዝር ያህል አቅርበው፣ ቀጥታው ድምፅ ሲጎላ ነጥሮ የሚመጣው ያን ያህል አይሰማም። ፎሙን ከዚህ በኋላ አስብበት፣ ከገዛህም ወፍራሙን፣ ስሱ ቀጭን ድምፅ ብቻ በልቶ ጎርናናውን ይተውልሃል።