ለፋብሪካ ኢንተርቪው ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ወደ ውጭ አገር የመጣሁት በኬሚካል ምህንድስና ተመርቄ ነው። ከመጣሁ ወዲህ ግን በሙያዬ አልሠራሁም። አሁን አንድ ፋብሪካ ለኢንተርቪው ጠርቶኛል። ትምህርቱን ረስቼዋለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ሁሉንም ለመከለስ አትሞክሪ። ከማቴሪያል ባላንስ፣ ማለትም ከሚገባና ከሚወጣ ነገር ሂሳብ ጀምሪ። ከገባው ላይ የወጣውን ስትቀንሺ ውስጥ የተጠራቀመውን ታገኛለሽ። ኬሚካላዊ አጸግብሮት (ሪአክሽን) ካለ ደግሞ የተፈጠረውን ትደምሪያለሽ፣ ያለቀውን ትቀንሻለሽ። ቀሪው ትምህርት በሙሉ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

በሰዓት 1,000 ኪሎ ግራም የስኳር ውሃ ኢቫፖሬተር (ውሃ የሚያተን መሣሪያ) ውስጥ ይገባል እንበል። ስኳሩ 10 በመቶ ነው፤ ሲወጣ 40 በመቶ እንዲሆን ተፈልጓል። ስኳር አይተንም። ስለዚህ የገባው 100 ኪሎ እንዳለ ይወጣል። 100 ኪሎ የ250 ኪሎ 40 በመቶ ነው። የተነነው ውሃ 750 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ይህን ወረቀት ላይ ሳትደናገጪ መሥራት ከቻልሽ ትልቁን ነገር ይዘሻል።

ከዚያ ወደ ሙቀቱ እለፊ። አንድ ኪሎ ውሃ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ለማሞቅ 335 ኪሎ ጁል ገደማ ይበቃል። 100 ዲግሪ ላይ ለማትነን ግን 2,257 ያስፈልጋል። ወጪው ያለው ማትነኑ ላይ ነው። ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ኢቫፖሬተር የወጣው እንፋሎት ሁለተኛውን እንዲያፈላ የሚደረገው። ሁለተኛው ግፊቱ ዝቅ ስለሚል በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። ጥቁር አሜሪካዊው መሐንዲስ ኖርበርት ሪልዩ ለስኳር ሥራ በ1843 የፈጠራ መብት ያወጣበት ዘዴ ነው፤ ዛሬም ይሠራል።

የወተት ፋብሪካም ይኸው መሣሪያ አለው። ስለዚህ የዚህን አገር ፋብሪካ አላውቅም ብለሽ አትሸማቀቂ። ማሞቅ፣ ማትነን፣ ማጣራት የትም አንድ ነው። የሚለየው መለኪያው ነው። አሜሪካ ከሆንሽ ፋራናይት፣ ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) እና ቢቲዩ (የሙቀት ኃይል መለኪያ) ተለማመጂ። ግፊት ሲነግሩሽ ጌጅ (ከአየሩ ግፊት በላይ ያለው ብቻ) ነው ወይስ አብሶሉት (ከዜሮ የሚቆጠረው) ብለሽ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ስለ ማቴሪያልስ፣ መሣሪያው ስለሚሠራበት ብረት ቢጠይቁኝስ? ስቴንለስ ስቲል አይዝግም ብል ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፣ እዚህ ላይ ጠንቀቅ በይ። ስቴንለስን የሚጠብቀው ክሮሚየሙ ላዩ ላይ የሚሠራው በጣም ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው። ክሎራይድ (ለምሳሌ ጨው ውስጥ ያለው) ይህን ሽፋን አንድ ቦታ ላይ ይበሳዋል። ሌላው ገጽ እያበራ ቀዳዳዋ ወደ ውስጥ ትዘልቃለች። 316 የሚባለው የስቴንለስ ዓይነት 304 ከሚባለው የሚሻለው ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብደነም ስላለው ነው። እሱም ቢሆን ሞቃት የባሕር ውሃ አይችልም።

በጣም የምወደው ምሳሌ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። 98 በመቶ የሆነው በተራ ካርቦን ስቲል ታንክ ይቀመጣል፤ የሚፈጠረው የብረት ሰልፌት ብረቱን ይሸፍነዋል። ውሃ ሲገባበትና ሲቀጥን ግን ያንኑ ታንክ ይበላዋል። ስለዚህ ማቴሪያል ምረጪ ካሉሽ መጀመሪያ ፈሳሹ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ሙቀቱን፣ የፍሰቱን ፍጥነትና ክሎራይድ መኖር አለመኖሩን ጠይቂ። ፋብሪካው ምን እንደሚያመርት ጻፊልን፤ በእሱ ላይ አንድ ባላንስ አብረን እንሥራ።