የሚከራይ ቤት ሁሉ ተመርምሮ ፈቃድ ይውሰድ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ናችሁ? ሃና ማርያም አንድ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ (ቁጥር 1320/2016) ከወጣ በኋላ ከአከራዬ ጋር ወረዳ ሄደን ውል አስመዘገብን። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል። ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት ነው። ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅም ቀርቷል። ድሮ የስድስት ወር አምጪ ይባል ነበር፣ የደላላው ሳይቆጠር።

ታዲያ እዚያ የተጠየቅነው ስለ ኪራዩና ስለ መታወቂያችን ነው። ቤቱን መጥቶ ያየ የለም። ቢያይማ ክፍሌ መስኮት እንደሌላት ያውቅ ነበር። ከሰል ሳቀጣጥል በሩን ገርበብ አድርጌ ነው። በአንድ ቆጣሪ ሰባት ቤት ነን። ሽንት ቤቷ አንድ ናት፣ እሷም በሯ በገመድ የሚታሰር። ጠዋት አንዱ ገብቶ ከቆየ ሰልፉ እስከ ሮቶው ይደርሳል።

ከተማው የሚከራይ ቤት ሁሉ ተመርምሮ ፈቃድ ይውሰድ ቢል ትደግፋላችሁ? እኔ እደግፋለሁ።

አከራይ ነኝ፦
ልጄ፣ ያልሽው እውነት ነው። እኔም ጓሮዬን ሦስት ክፍል አከራያለሁ፤ በጡረታ ብር ብቻ ወር አይደረስም። ግን መርማሪ ሲመጣ ያለ ሻይ መጠጫ ይፈርማል? ያንን ከማን ኪስ ላውጣ? ኪራይ እንደሆነ እንደ ልብ አይጨመርም። ካበዙብኝ ዘግቼ ዶሮ አረባበታለሁ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦
እትዬ፣ ለዶሮም ቢሆን ሽቦውን ያሳዩ 😄
በሥራዬ የማየውን ልንገራችሁ። ለመብራት በተዘረጋ ቀጭን፣ ባለ 1.5 (ካሬ ሚሊሜትር) ሽቦ ላይ የእንጀራ ምጣድ ይሰካል። ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ብሬከሩ እየወረደ ሲያስቸግር «ትልቅ ብሬከር አስገባልን» ይሉኛል። እምቢ ስል ሌላ ሰው ይጠራሉ። ከዚያ በኋላ ብሬከሩ አይወርድም፤ የሚቀልጠው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ይህን ለማየት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሁሉም ነገር ይመርመር አልልም። መብራት፣ መስኮትና ሽንት ቤት ይበቃል።

የፉሪው፦
እህቴ ያለችው ለንደን ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከአንድ ቤተሰብ ያልሆኑ አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች የሚጋሩት ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። እንደ ፈረንጆቹ ከ2018 ወዲህ ደግሞ እንዲህ ባለው ቤት አንድ አዋቂ የሚተኛበት ክፍል ከ6.51 ካሬ ሜትር ማነስ የለበትም። እዚህ ይምጣ ቢባል ከእኛ ሰፈር ስንቱ ያልፋል? ጨረቃ ቤቱስ? ካርታ የሌለው ቤት ፈቃድ ከየት ያመጣል? ይታሸግ እንበል። ተከራዩ ያን ቀን ማታ የት ይደር?

ጠያቂዋ፦
የማሸጉ ነገር እኔንም ያስፈራኛል። ስለዚህ መጀመሪያ የማስጠገኛ ጊዜ ይሰጥ፣ እስኪጠገን ኪራይ ይቀነስ። ካሬውም ለጊዜው ይቅርብኝ። ካርታ የሌለውም ቢሆን ሽቦው ይታይ፤ እሳት ካርታ አይጠይቅም።
እትዬ፣ ጉቦውን አልክድም። ግን መርማሪ ካልመጣ ያለኝ አማራጭ ራሴ መክሰስ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አከራይ ቤቱን በደህና ሁኔታ ያስረክብ ይላል። አከራዬን ከስሼ ማታ በማን በር ልግባ? ሳልጠራው በራሱ የሚመጣ ሰው የምፈልገው ለዚህ ነው።
ወንድሜ ኤሌክትሪሺያኑ፣ የእኛ ብሬከር ላይ 40 አምፔር ይላል። ሽቦው ባለ ስንት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ኤሌክትሪሺያኑ፦
40?! ብዙ ጊዜ የሽቦው ሽፋን ላይ ተጽፏል፣ ግን ራስሽ እንዳትነኪው። ከውጭ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። እስከዚያ ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ አይሰካ፣ ለጎረቤቶችሽም ንገሪ።