«ከውጭ የመጣ» ነው ወይስ የቤት ታሪክ? በደቡብ እስያ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ልቦለዶችና ኮሚኮች ላይ የተደረገ ክርክር

አወያይ፦
የዛሬው ጥያቄ ከሰሞኑ ንትርክ የተነሳ ነው። አንዲት አባላችን የታሻ ሱሪን «ዘ ጃስሚን ትሮን» አንብባ በጣም ወደደችው። መጽሐፉ በ2021 የወጣ ነው። የድሮዋን ሕንድ በሚያስታውስ ምናባዊ ዓለም ውስጥ አንዲት ልዕልትና አንዲት አገልጋይ ይዋደዳሉ። በ2022 የዓለም ፋንታሲ ሽልማትን አግኝቷል። አባላችን የሁለቱን ሥዕል ስላ ለጠፈች። ከሥሩ «ይሄ የሕንድ ታሪክ አይደለም፣ የፈረንጅ ሐሳብ ሳሪ ለብሶ ነው» የሚል አስተያየት መጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እንግዲህ በሥርዓት እንነጋገር። እነዚህ ልቦለዶችና ኮሚኮች የአገሩ ናቸው ወይስ ከውጭ የገቡ? ዓመት ስትጠቅሱ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይሁን። ስድብ አይፈቀድም።

እናት ነኝ፦
ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሁንም አቋሜ ያው ነው። ሃይማኖቴ ይሄንን ነገር አይቀበልም፣ አልደብቅም። ዛሬ ግን የማነሳው ሌላ ነው። ጸሐፊዎቹ የት እንደሚኖሩ እዩ። ታሻ ሱሪ እንግሊዝ ናት። ስለ ስሪላንካ «ፈኒ ቦይ»ን የጻፈው ሽያም ሰልቫዱራይ ካናዳ ነው። «ዘ ሄና ዎርስ»ን የጻፈችው አዲባ ጃይጊርዳር አየርላንድ ናት። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው የሚጽፉት። ገጠር ያለች ሕንዳዊት እናት ይሄን መቼ ታነበዋለች? ስለ እኛም ውጭ ተቀምጦ የሚጽፍ ሞልቷል። አንብበን «ይሄ የቱ ሰፈር ነው?» ስንል ኖረናል። ያ ስሜት ነው ያናገረኝ።

የመጽሐፍ ወዳጅ፦
እህቴ፣ ስሜትሽ ይገባኛል። ግን ታሪኩን ከመጨረሻው ነው የጀመርሽው። ወደ 1942 ልውሰድሽ።

በዚያ ዓመት ኢስማት ቹግታይ የምትባል ጸሐፊ «ሊሃፍ» የሚል አጭር ልቦለድ አሳተመች። ብርድ ልብስ ማለት ነው። የተጻፈው በኡርዱ ነው። የወጣውም በአገሩ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ነው። ታሪኩን የምትነግረን የልጅነቷን የምታስታውስ ሴት ናት። አንድ ሀብታም ባላባት ሚስት አግብቶ ቤት ውስጥ ረስቷታል። እሱ ወጣት ወንድ ተማሪዎችን ነው ሰብስቦ የሚያኖረው። ሚስቲቱ ከአንዲት አገልጋይዋ ጋር ትቀራረባለች። ልጅቷ ሌሊት የምታየው ብርድ ልብሱ ግድግዳው ላይ የሚጥለውን ጥላ ብቻ ነው። ዝሆን ይመስላታል፣ ትፈራለች። ጸሐፊዋ ከዚህ በላይ በግልጽ አትናገርም። ሴትዮዋንም ቅድስት አድርጋ አልሣለቻትም። ብቸኝነት ሰውን ምን እንደሚያደርገው ነው ያሳየችን።

ከሁለት ዓመት በኋላ ፖሊስ መጥሪያ ይዞ ቤቷ መጣ። ክሱ ጸያፍ ጽሑፍ ማሳተም ነው። ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ወዳለችው ላሆር ድረስ ሄዳ ተከራከረች። ይቅርታ ጠይቂና ይለፍ ያሏት ነበሩ፣ እምቢ አለች። ችሎት ላይ የሆነውን በማስታወሻዋ ጽፋዋለች። ምስክሩ ጸያፉን ቃል እንዲያሳይ ተጠየቀ። ፈልጎ ፈልጎ «ዓሺቅ» የሚለው ላይ ጣቱን አሳረፈ። አፍቃሪ ማለት ነው። ጠበቃዋ ቃሉ ለነቢዩ በተገጠሙ የምስጋና ግጥሞች ውስጥ ሳይቀር እንዳለ አስረዳ። እኛም አገር መንዙማ የሚያዳምጥ ሰው «ዓሺቅ»ን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ክሱ ወደቀ።

አሁን ልጠይቅሽ። ይሄ ከለንደን የመጣ ነው?

እናት ነኝ፦
ታሪኩን አላውቀውም ነበር፣ አመሰግናለሁ። ግን መከሰሷ ራሱ የእኔን ሐሳብ አይደግፍም? ሕዝቡ ቢቀበለው ኖሮ ማን ይከሳት ነበር?

የመጽሐፍ ወዳጅ፦
ጥያቄሽ ተገቢ ነው፣ አላድበሰብሰውም። አዎ፣ የአገሯ አንባቢዎች የስድብ ደብዳቤ ጎርፍ ልከውባታል። ለዓመታት አቁስሏታል። አገሩ ያኔ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ነበር፤ የከሰሳት የእንግሊዝ ዘውድ ነው፣ እንግሊዞች ባወጡት ሕግ። የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን የሚቀጣው አንቀጽ 377ም እንግሊዞች በ1860 ካወጡት የወንጀል ሕግ የመጣ ነው። በፈቃዳቸው የሚገናኙ አዋቂዎችን እንዳይቀጣ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስት ዳኞች በሙሉ ድምፅ የወሰኑት በመስከረም 2018 ነው። «ከውጭ የመጣ» ካልን ሕጉንም እንቁጠረው።

ቋንቋን በተመለከተ ደግሞ ይሄን ልጨምር። ሳቺን ኩንዳልካር «ኮባልት ብሉ»ን በመጀመሪያ የጻፈው ማራቲ በሚባለው የሕንድ ቋንቋ ነው፣ በ2006። ወንድምና እህት አንድ ተከራይ ላይ ልባቸው ይወድቃል። ቫሱዴንድራ «ሞሃናስዋሚ»ን በ2013 ያሳተመው በካናዳ ቋንቋ ነው። አገሩን ካናዳ ማለቴ አይደለም፣ የሕንዷ ካርናታካ ግዛት ሰው የሚናገረውን ቋንቋ ነው። ሁለቱም ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎሙት ቆይተው ነው። እኛ የምናየው ትርጉሙን ስለሆነ ሁሉም በእንግሊዝኛ የተወለደ ይመስለናል።

ከዶሃ፦
እኔ መጽሐፍ ብዙም አላነብም። የምሠራው ግን ከደቡብ ሕንዷ ኬራላ ሰዎች ጋር ነው፣ አንድ ክፍል ነው የምንጋራው። በ2023 መጨረሻ «ካታል» የሚባል ፊልም በቋንቋቸው በማላያላም ወጣ። ዋናው ተዋናይ ማሙቲ ነው። እዚያ ማሙቲ እንደ አባት ነው የሚታየው፣ ሽማግሌው ሁሉ ይወደዋል። ፊልሙ ላይ ለቀበሌ ምርጫ የሚወዳደር ባለትዳር ሆኖ ይሠራል። በምርጫው መሀል ሚስቱ የፍቺ ክስ ታቀርባለች። ምክንያቱ ወንድ መውደዱ ነው። እዚህ ኳታርና ኩዌት ፊልሙ ተከልክሏል። ከክፍሌ ልጆች አንዱ ለእረፍት አገሩ ሄዶ አየውና ተመልሶ ማታ ማታ ተረከልን። ሃምሳ ያለፈው ሰውዬ ነው። ለባልየው አይደለም ያለቀሰው፣ ሃያ ዓመት ለባከነባት ሚስት ነው። እኔ ስለ ነገሩ አቋሜን አልናገርም። ግን ያ ሰውዬ እንግሊዝኛ አይችልም። ታሪኩን የራሱ አድርጎ ነው የነገረን።

ሥዕል ወዳድ፦
ሥዕሉን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ልናገር። እናት ነኝ ያለችው እህት አንድ ነገር ላይ ልክ ናት፣ ሌሎቻችሁ በቶሎ አለፋችኋት። ውጭ ሆኖ መሥራት ነገር ያበላሻል። የሰልቫዱራይ «ፈኒ ቦይ» በ1994 የወጣ ግሩም መጽሐፍ ነው። ስሪላንካ፣ ኮሎምቦ ውስጥ ከሴት የአጎት ልጆቹ ጋር ሙሽራ ሙሽራ የሚጫወት፣ ታሚል ከሚባለው ሕዝብ የተወለደ ልጅ ታሪክ ነው። መጨረሻው በታሚሎች ላይ የደረሰው የ1983ቱ ጭፍጨፋ ነው፣ ቤተሰቡ ይሰደዳል። በ2020 ፊልም ሆኖ ሲወጣ የታሚል ተመልካቾች ተቆጡ። ዋና ዋናዎቹን ገጸ ባሕርያት የሠሩት አብዛኞቹ ታሚሎች አይደሉም፣ ታሚልኛውም የተሰባበረ ነው አሉ። ያ ሕዝብ በቋንቋው ምክንያት የተገደለ ነው። ቁጣቸው ልክ ነበር።

እኛ አድናቂዎችም ጥፋት አለብን። የአምሩታ ፓቲልን «ካሪ» ያነበባችሁ አላችሁ? 2008 የወጣ ኮሚክ ነው፣ አብዛኛው ጥቁርና ነጭ። ሙምባይ ውስጥ ማስታወቂያ ድርጅት የምትሠራ ልጅ ናት። ገና ሲጀምር እሷና ፍቅረኛዋ ከፎቅ ይዘላሉ። ሁለቱም ይተርፋሉ፣ ፍቅረኛዋ ግን ከተማውን ጥላ ትሄዳለች። የቀረው የካሪ ብቻዋን መኖር ነው። ፍቅረኛሞቹን አስታርቀው መጨረሻውን የሚያስውቡ ሥዕሎች አይቻለሁ፣ እኔም አንድ ሞክሬያለሁ። ከዚያ ቀደድኩት። ያንን ከተማና ያንን ብቸኝነት ካወጣችሁበት ምን ይቀራል?

ሌላው የሚያስጨንቀኝ ባንግላዴሽ ነው። በመስከረም 2015 ዳካ ላይ «ዲ» የምትባል ገጸ ባሕርይ ያላት ኮሚክ ተመረቀች። ሴት የምትወድ የባንግላ ልጅ ናት። የአገሩ ልጆች በአገራቸው ቋንቋ የሠሩት ነው። በሚያዝያ 2016 «ሩፕባን» የተባለው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መጽሔት መሥራች ዙልሃዝ ማናን ቤቱ ውስጥ ከጓደኛው ጋር በስለት ተገደለ። መጽሔቱ ስሙን የወሰደው ከአገሩ ተረት ነው። እኔ ስለዚህ እዚያ ያሉ ሠዓሊዎችን ሥራ ስም ጠርቼ አላጋራም። እነሱ ካላሉኝ በስተቀር።

እናት ነኝ፦
ሰው በሥዕል ምክንያት መገደል የለበትም። ይሄ ላይ ክርክር የለኝም። «የፈረንጅ» ያልኩትንም ትቻለሁ፣ ከሊሃፍ በኋላ ልደግመው አልችልም። ስለ ሃይማኖቴ ያልኩት ግን እንዳለ ነው። ለልጄም አልሰጣትም፣ ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።

የመጽሐፍ ወዳጅ፦
ለልጅሽ ስጪ ያለሽ የለም። አንቺ ራስሽ ግን ሊሃፍን አንብቢው። አጭር ነው፣ አንድ ቡና እስኪፈላ ያልቃል።

ከዶሃ፦
በምን ቋንቋ ነው የማገኘው? ለክፍሌ ልጆች ላነብላቸው ነበር።

የመጽሐፍ ወዳጅ፦
ኡርዱ የሚችል ፓኪስታናዊ ሥራ ቦታህ አይጠፋም። እሱ ያንብብላችሁ።