ደሙ መጣ፣ ፀጉሩ ግን አልሄደም
ዕድሜዬ 29 ነው። የወር አበባዬ በሁለት በሦስት ወር አንዴ ነበር የሚመጣው፤ አገጬ ላይ ጠንካራ ጥቁር ፀጉር ይበቅላል፣ ብጉሩም አይጠፋም። ስመረመር ቴስቶስትሮኔ (የወንድ ሆርሞን የሚባለው) ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ታይሮይድና ፕሮላክቲን (ጡት ወተት እንዲያመነጭ የሚያደርገው ሆርሞን) ደህና ናቸው። ሐኪሜ የወር አበባዬ እንዲመጣ ፕሮጄስትሮን የሚባለውን ሆርሞን 200 ሚሊግራም፣ ማታ ማታ፣ በወር ለ12 ቀን አዘዘችልኝ። (አንድ ቀን አሥር ሰዓት ላይ ውጬው ራት ሳልበላ እንቅልፍ ጣለኝ፤ ለካ ማታ ያለችው ለዚህ ነው።)

አሁን መድኃኒቱን ከጀመርኩ አራተኛ ወር ላይ ነኝ። መድኃኒቱን በጨረስኩ በሦስት በአራት ቀን ደም ይመጣል፤ በዚህ በኩል እፎይ ብያለሁ። ፀጉሩ ግን ቅንጣት አልቀነሰም፤ በወረንጦ የነቀልኩት በሦስተኛው ቀን ጣቴን ይወጋኛል። የወሊድ መከላከያ ክኒን ማይግሬኔን ስላባሰብኝ አልመለስበትም።

ፕሮጄስትሮን ብቻውን ፀጉሩን የቀነሰላት አለች፣ ወይስ ሐኪሜን ስለ ስፓይሮኖላክቶን (የወንድ ሆርሞንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት) ልጠይቃት?