ወንድሜ ሊማርባት የሚሄደው «ሰሜን ቆጵሮስ» አገር ናት ወይስ አይደለችም?

የታቦር ልጅ (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ታናሽ ወንድሜ ሰሜን ቆጵሮስ ካለ ዩኒቨርሲቲ የቅበላ ደብዳቤ መጣለት። ጉዳዩን የያዘለት ደላላ «አውሮፓ ነው፣ ቆጵሮስ የአውሮፓ ኅብረት አባል ናት» ብሎታል። አባዬ ደግሞ የአገሩን ስም ሲሰሙ ደስ አላቸው። «የበርናባስ አገር አይደል እንዴ!» ብለው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አወጡና የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4ን አነበቡልን፤ በርናባስ ትውልዱ የቆጵሮስ ሰው ነው ይላል። እናቴ ወዲያው ሽሮና በርበሬ ማዘጋጀት ጀመረች።

እኔ ግን ትናንት ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ ካርታ ስከፍት ደነገጥኩ። ደሴቲቱ መሃል ለመሃል የተቆራረጠ መስመር አለ። ኤምባሲ ብፈልግ የለም። አውሮፕላኑ የግድ ቱርክ ላይ ማረፍ አለበት። አንዱ ገጽ «በቱርክ የተወረረ ግዛት» ይላል፣ ሌላው «ሪፐብሊክ» ይላል።

አገሩ አንድ ነው ሁለት? ማን ከፈለው? ቱርክ ለምን ገባች? እንዲሁ ተከፍሎ ይቀራል ወይስ አንድ ቀን ይገጣጠማል? ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። የት እንደሚሄድ ሳያውቅ እንዲሄድ አልፈልግም።

ማሜ አቶቴ

እህቴ፣ ስለ ደላላው ብቻ ልመልስ። የአውሮፓ ኅብረት አባል የሆነችው የቆጵሮስ ሪፐብሊክ ናት። በወረቀት መላው ደሴት አባል ነው ይባላል፣ ግን የኅብረቱ ሕግ ሰሜኑ ላይ አይሠራም። እዚያ ገንዘቡ የቱርክ ሊራ ነው። ወንድምሽ በሰሜን በኩል ገብቶ «አውሮፓ ደረስኩ» ቢል አያስኬደውም። ገንዘብ ሳትከፍሉ የትምህርት ማስረጃው እዚህ አገር አቻ ግምት ያገኝ እንደሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ጠይቁ። ታሪኩን ለሚያውቁ እተዋለሁ።

መምህር ዘአዳማ

ልጄ፣ ጥሩ አድርገሽ ጠየቅሽ። ታሪክ አስተምራለሁ፣ ይህን ጉዳይ ከወጣትነቴ ጀምሮ እከታተለዋለሁ። ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛን ሳነሳ እናገራለሁ።

ደሴቲቱ ከእንግሊዝ ነፃ የወጣችው በ1960 ነው። ከሕዝቧ ከአራት ሦስት እጁ በላይ ግሪክኛ ተናጋሪ ኦርቶዶክስ፣ ከመቶ 18 ያህሉ ደግሞ ቱርክኛ ተናጋሪ ሙስሊም ነበር። አንድ ነገር ያዢልኝ። ግሪኮቹ መሣሪያ ያነሱት ለነፃነት አልነበረም፣ ከግሪክ ጋር ለመዋሃድ ነው። ኤኖሲስ ይሉታል። ቱርኮቹ ደግሞ ታክሲም አሉ፣ ደሴቲቱ ትከፈል ማለት ነው። በመጨረሻ የተሰጣቸው ሁለቱም ወገን ያልጠየቁት ነገር ሆነ፦ አንድ ነፃ አገር።

ሕገ መንግሥቱ የተጻፈው በመተማመን አልነበረም፣ በፍርሃት ነው። ፕሬዚዳንቱ ግሪክ፣ ምክትሉ ቱርክ። ምክትሉ ዋና ዋና ውሳኔዎችን መሻር ይችላል። የመንግሥት ሥራ 70 ለ30፣ ጦሩ 60 ለ40። የግብር ሕግ ለማውጣት የሁለቱም ወገን እንደራሴዎች ለየብቻ በአብላጫ መስማማት አለባቸው። በዚያ ላይ እንግሊዝ፣ ግሪክና ቱርክ «ዋስ» ተብለው ፈረሙ። ስምምነቱ ከተጣሰ እያንዳንዳቸው እርምጃ የመውሰድ መብት አላቸው የሚል አንቀጽ አለበት። ሦስት ባለ ጦር ጎረቤት የቤትሽን ቁልፍ ይዞ በር ላይ ቆሟል ማለት ነው። እንግሊዝ ደግሞ ከደሴቲቱ 3 በመቶ የሚሆነውን መሬት ለጦር ሰፈሯ አስቀረች፣ ዛሬም እጇ ላይ ነው።

ሦስት ዓመት ብቻ ቆየ። በኅዳር 1963 ፕሬዚዳንቱ ሊቀ ጳጳስ ማካሪዮስ ሕገ መንግሥቱን በ13 ነጥብ ላሻሽል አሉ፤ አብዛኛው የቱርኮቹን ልዩ መብት የሚቀንስ ነበር። በታኅሣሥ ደም ፈሰሰ። ቱርኮቹ ከመንግሥት ሥራ ወጡ፣ ብዙዎቹም መንደራቸውን ለቀው ጠባብ ሰፈሮች ውስጥ ተጨናንቀው ተቀመጡ። አንድ የእንግሊዝ ጄኔራል በዋና ከተማዋ በኒቆስያ ካርታ ላይ በአረንጓዴ እርሳስ መስመር አሰመረ። «አረንጓዴው መስመር» የሚባለው ያ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጦር በመጋቢት 1964 መጣ፣ ዛሬም አልወጣም። እንግዲህ አስቢው፤ ዋና ከተማዋ ለሁለት የተከፈለችው የቱርክ ጦር ከመድረሱ 10 ዓመት ቀድሞ ነው።

ከዚያ 1974 መጣ። በእኛ 1966 ክረምት፣ ደርግ በተቋቋመ በሦስተኛው ሳምንት ማለት ነው። በእኛ ሐምሌ 8 ቀን የአቴንስ (የግሪክ) ወታደራዊ መንግሥት ማካሪዮስ ላይ መፈንቅለ መንግሥት አካሄደ። ቤተ መንግሥቱ በመድፍ ተመታ፣ ሊቀ ጳጳሱ አምልጠው ወጡ። በምትካቸው የተቀመጠው ኒኮስ ሳምፕሰን ቱርኮችን ሲወጋ የኖረ ሰው ነበር። የቱርክ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤጄቪት ለንደን በረሩና «ዋስ ነንና አብረን እንግባ» አሉ። እንግሊዝ እምቢ አለች። ሐምሌ 13 ንጋት ላይ የቱርክ ጦር ኪሬንያ አጠገብ ከባሕር ወረደ።

በቀናት ውስጥ ሳምፕሰን ሥልጣን ለቀቀ፣ የአቴንሱ ወታደራዊ መንግሥትም ወደቀ። ቱርክ እዚያ ላይ ብትቆም ኖሮ የዛሬው ክርክር ሌላ ይሆን ነበር። አልቆመችም። ጄኔቫ ላይ ንግግሩ ሲከሽፍ ነሐሴ 8፣ በእኛ በፍልሰታ ጾም ውስጥ፣ ሁለተኛውን ጥቃት ከፈተች። ከደሴቲቱ ከሲሶ በላይ ያዘች። ከ160 ሺህ በላይ ግሪኮች ወደ ደቡብ ሸሹ፣ ከ40 ሺህ በላይ ቱርኮች ወደ ሰሜን ተሻገሩ። ደብዛቸው የጠፋ ሰዎች ዝርዝር 2,002 ስም አለው፤ 1,510 ግሪኮች፣ 492 ቱርኮች። አጥንታቸው እስከ አሁን ከጉድጓድ እየተለቀመ ለቤተሰብ ይሰጣል።

በ1983 ሰሜኑ ነፃ አገር ነኝ ብሎ አወጀ። የሚያውቀው ቱርክ ብቻ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሴ ይኸው ነው፤ መንግሥት አለ፣ ፖሊስ አለ፣ ትምህርት ቤት አለ፣ ዓለም የሚቀበለው አገር ግን የለም።

ገመቹ 04

መምህር፣ እናመሰግናለን። ግን ይኼ እኮ «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ነው። ቀዳዳውን የሠሩት ራሳቸው ናቸው። ግሪኮቹ ከአብሮ አደጋቸው ጋር ተስማምተው መኖር ትተው አቴንስን ጠሩ፣ ቱርኮቹ አንካራን ጠሩ። የተጠራ ሁሉ መጣ፣ የመጣም አልወጣም። እኔ ቱርክን አልወቅስም፤ ዘመዶቿ ሲሞቱ ዝም ትበል እንዴ?

መምህር ዘአዳማ

ገመቹ፣ ተረቱ ልክ ነው፣ ግን ግማሹን ነው የነገርከን። ቀዳዳ የቀደደ ውሻ ጥፋተኛ ነው ማለት ጅቡ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። መፈንቅለ መንግሥቱን ለመቀልበስ መግባት አንድ ነገር ነው፣ እንበል ዋስነት። መፈንቅለ መንግሥቱ ከከሸፈ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲሶ አገር ወስዶ ሕዝቡን ከቤቱ ማስወጣት ግን ዋስነት አይደለም። ደግሞ «ቱርኮቹ ጠሩ» ስትል ከ1963 በኋላ ምን ላይ እንደነበሩ አትርሳ። ያንን ዐሥር ዓመት ግሪኮቹ ዛሬም ሲያወሩት ያጥራል። ቱርኮቹ ደግሞ ነሐሴን ሲያወሩት ያጥራል። ክፍሌ ውስጥ ሁለቱን ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን የምጽፋቸው ለዚህ ነው።

ሌፍኮሻ የነበርኩ

ታቦር፣ እኔ እዚያ አራት ዓመት ተምሬ ነው የተመለስኩት፣ አሁን ሐዋሳ ነኝ። ሌፍኮሻ የኒቆስያ የቱርክ ስም ነው። ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ያስደነገጠኝ አድራሻው ነው። ከቤት ዕቃ ሲላክልኝ «መርሲን 10፣ ቱርክ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። መርሲን ባሕር ማዶ ያለ የቱርክ ከተማ ነው። የሚኖሩበት ከተማ በራሱ ስም ደብዳቤ አይደርሰውም። ይህን እስክለምደው ድረስ በጣም ይከብደኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ከደቡብ በኩል ሲያዩት ተራራው ላይ ግዙፍ የሰሜኑ ባንዲራ ተሥሏል። ማታ ማታ መብራት ይበራበታል። ከመስመሩ ማዶ ቤቱን ጥሎ የሸሸ ሰው መስኮቱን በከፈተ ቁጥር ያየዋል። የሣለው ሰው ይህን ሳያስብ አልሣለውም ብዬ ነው የማምነው።

አሮጌው ከተማ ውስጥ መንገድ ይዘሽ ስትሄጂ ድንገት በርሜልና የአሸዋ ከረጢት ይዘጋብሻል። መስመሩ እዚያ ጋ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው ስፋቱ፣ ሌላ ቦታ ኪሎ ሜትሮች ይሆናል። መሃሉ ላይ የቀሩ ቤቶች በረንዳቸው ወድቋል፣ ዛፍ በጣሪያቸው ወጥቷል። የድሮው አውሮፕላን ማረፊያም እዚያው መሃል ነው፤ አንድ የመንገደኛ አውሮፕላን ከ1974 ጀምሮ እንደቆመ ቀርቷል። ማቋረጫ በሮች የተከፈቱት በ2003 ነው። ለ29 ዓመት ተራ ሰው እንደ ልቡ አይሻገርም ነበር።

አከራዬ ሽማግሌ ሴት ነበሩ፣ ቱርክ ቆጵሮሳዊት። የተወለዱት ደቡብ፣ ጳፉ አካባቢ ነው። ልጅ ሳሉ እንደ እስረኛ ተከበው በኖሩበት ሰፈር ሲሚንቶ እንኳን እንዳይገባ ይከለከል ነበር፣ የፈረሰ ግድግዳ በጭቃ ነው የሚለጠፈው አሉኝ። የቱርክ ጦር ሲመጣ እናታቸው መሬት ስመው አለቀሱ። ከዚያ ሰሜን አምጥተው ቤት ሰጧቸው። ቤቱ የሸሹ ግሪኮች ቤት ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ የእነዚያ ሰዎች የሠርግ ፎቶ ነበር። ያኔ ጎረቤት ጣሉት ሲላቸው እምቢ ብለው በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው አስቀመጡት። በ2003 በሩ ሲከፈት አንዲት ሴት መጥታ ደጃፍ ላይ ቆመች። ምንም ሳይሉ ገብተው ጨርቁን አመጡላት። «ቡና አፈላሁላት፣ አልጠጣችም፣ ግን ቁጭ አለች» አሉኝ። ይህን ሲነግሩኝ የኔን ቡና እያፈሉ ነበር፣ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስለዚህ ገመቹ፣ እኔ እዚያ ኖሬ «ትክክል ነበሩ» ወይም «ጥፋተኛ ነበሩ» ማለት አልቻልኩም። እኚህ ሴት የዳኑት በዚያው ጦር ነው። ያቺ ሴት ቤቷን ያጣችው በዚያው ጦር ነው።

ለታቦር ደግሞ በቀጥታ፦ ወንድምሽ በሰሜን በኩል ከገባ ደቡቡ በሕገ ወጥ መንገድ እንደገባ ነው የሚቆጥረው። «እሻገራለሁ» ብሎ እንዳያስብ። ችግር ቢገጥመው ደግሞ እዚያው ሮጦ የሚሄድበት የኢትዮጵያ ኤምባሲ የለም። ትምህርቱ መጥፎ አልነበረም፣ እኔ ተምሬበታለሁ። ግን ቤተሰብ የክፍያ ብር ከመላኩ በፊት ይህን ሁሉ ማወቅ አለበት።

ውሃና ፍሳሽ ሐዋሳ

የማወራው ስለ ሥራዬ ስለሆነ ይቅርታ፣ ግን ይህን ሳልናገር አላልፍም። ኒቆስያ ስትከፈል ከመሬት በታች ያለው ቧንቧ አልተከፈለም። የፍሳሽ መስመሩ ተዳፋቱን ተከትሎ ነው የሚሄደው፣ ማጣሪያው ደግሞ ሰሜን ነው ያለው። ደቡቡ ብቻውን ሊያስወግደው አይችልም፣ ሰሜኑም ብቻውን ሊጨርሰው አይችልም። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሁለቱ ወገን ከንቲባዎች፣ ሌሎስ ዴሜትሪያዴስና ሙስጠፋ አኪንጂ፣ አለቆቻቸው በማይነጋገሩበት ጊዜ ቁጭ ብለው ተነጋገሩና ሥራውን በጋራ ሠሩት። አኪንጂ በኋላ የሰሜኑ መሪ ሆነ። እኛ ሐይቁ ላይ የሚገባውን ፍሳሽ ስናይ የሚሰማንን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ይገባዋል።

ገመቹ 04

እሺ፣ ስለ ሴትየዋ ያነበብኩት ልቤን ነካው። ግን የታቦር የመጨረሻ ጥያቄ አልተመለሰም። ይከፈላል ወይስ ይገጣጠማል?

መምህር ዘአዳማ

በ2004 ለመገጣጠም ድምፅ ተሰጥቶ ነበር። ከቱርኮቹ 65 በመቶ እሺ አሉ፣ ከግሪኮቹ 76 በመቶ እምቢ አሉ። በሳምንቱ በተግባር ደቡቡ ብቻውን የአውሮፓ ኅብረት ገባ። በ2017 ስዊዘርላንድ ላይ የተደረገው ንግግርም ፈረሰ። በኋላም አንካራና የያኔው የሰሜኑ መሪ ኤርሲን ታታር «ሁለት አገር ነን፣ አለቀ» ሲሉ ቆዩ። በጥቅምት 2025 ግን የሰሜኑ ሕዝብ ታታርን አወረደና ፌዴሬሽን የሚደግፈውን ቱፋን ኤርሁርማንን በሰፊ ልዩነት መረጠ። ይህ ቀላል አይደለም። የተጠራው ጎረቤት ቤቱን ሁሉ ሲይዘው የጠራውም ሰው መተንፈሻ ይፈልጋል። ችግሩ በአስር ሺዎች የሚቆጠር የቱርክ ጦር እዚያው አለ፣ ከቱርክ የመጡ ሰፋሪዎችም እዚያ ወልደው ከብደዋል። እኔ የምፈራው በፊርማ መከፈሉን አይደለም፣ ማንም ሳይፈርም ሃምሳ ዓመት አልፎት እንዲሁ መቅረቱን ነው።

የታቦር ልጅ (ሐዋሳ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ሁሉንም ለወንድሜ አነበብኩለት። ደላላው ጋ ሄዶ ክፍያውን አቆመ፣ መጀመሪያ የአቻ ግምቱን ጉዳይ እናጣራለን። ቢሄድም ዐውቆ ይሄዳል።

አባዬ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቂልኝ አሉ። የበርናባስ መቃብር በየትኛው ወገን ነው?

ሌፍኮሻ የነበርኩ

በሰሜን ነው። ስልማና አጠገብ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለችው ስልማና። ገዳሙ አሁን ሙዚየም ነው፣ ትኬት ቆርጬ ነው የገባሁት። ሥዕሎቹ ግድግዳው ላይ አሉ። መቃብሩ ከገዳሙ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው፣ በደረጃ ይወረዳል። ከማዶ የመጡ ሁለት አሮጊቶች ሻማ አብርተው ቆመው አግኝቻለሁ።

የታቦር ልጅ (ሐዋሳ)

ነገርኳቸው። ብዙ ዝም ብለው ቆዩና «ልጁ ከሄደ ሻማ ይዞ ይሂድ» አሉ።