የሉዊቪል የ2013 ዋንጫ መሰረዝ ነበረበት? (ክርክር)

አወያይ፦ ኤፕሪል 8 ቀን 2013 (እ.ኤ.አ.) የሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ አትላንታ ላይ ሚሺጋንን 82 ለ 76 አሸንፎ የአሜሪካ ኮሌጆች የወንዶች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮን ሆነ። በፌብሩዋሪ 2018 ግን የኮሌጆቹ ስፖርት ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ ዋንጫውን ከ123 ድሎች ጋር ሰረዘው። የቡድኑ አንድ ሠራተኛ ለዓመታት በተጫዋቾች ማደሪያ ውስጥ፣ ለተጫዋቾችና ሊመለመሉ ለመጡ ወጣቶች፣ ራቁታቸውን የሚጨፍሩና ወሲብ የሚሸጡ ሴቶችን እየከፈለ ሲያስገባ እንደነበር ተረጋግጧል። በወንዶች ቅርጫት ኳስ ከፍተኛው ምድብ የሻምፒዮንነት ዋንጫ ሲሰረዝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ተገቢ ነበር?

ከአትላንታ፦ በፍጹም። ያን ምሽት ጆርጂያ ዶም ውስጥ ከ74 ሺህ ሰው በላይ ነበር፤ አንዱ እኔ ነኝ። ሚሺጋን በ12 ነጥብ ሲመራ ተቀያሪው ሉክ ሃንኮክ ተነሣና አራት የሦስት ነጥብ ኳሶችን አከታትሎ አገባ። ከስምንት ቀን በፊት ከዱክ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲጫወት እግሩ የተሰበረው ኬቨን ዌር በክራንች ቆሞ ነበር። ሲያሸንፉ ቅርጫቱን ወደ እርሱ ዝቅ አደረጉለትና እንደ አሸናፊዎች ልማድ መረቡን በመቀስ ቆረጠ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። የትኛው ጽሕፈት ቤት ነው አልተደረገም ሊለኝ የሚችለው?

የቀድሞ አሰልጣኝ፦ ወንድሜ፣ ያየኸውን የሚክድህ የለም። እኔ ግን ዓይኔ ከመረቡ ይልቅ ማደሪያው ላይ ነው። ሕንፃው የተሰየመው በሴፕቴምበር 11 በኒው ዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ውስጥ በሞተው በቢሊ ሚናርዲ፣ በአሰልጣኝ ሪክ ፒቲኖ የሚስት ወንድም ስም ነው። በዚያ ስም ሥር ነው ይህ የተደረገው። ከወጣቶቹ መካከል 18 ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ። ብዙ ዓመት ልጆች አሠልጥኛለሁ፤ እናት ልጇን ይዛ መጥታ «አደራ» ስትለኝ የሚሰማኝን አውቃለሁ። ያ አደራ የተበላበት ቡድን ዋንጫ ይዞ ሊቀር አይገባም። ፒቲኖ አላወቅሁም ብሏል። አለማወቁ ራሱ ጥፋት ነው።

ከአትላንታ፦ ታዲያ ለምን እርሱ የአምስት ጨዋታ እገዳ ብቻ ተወሰነበት? የዋንጫው መሰረዝ ደግሞ በሃንኮክና በጓደኞቹ ላይ ወደቀ። አባቶች ጨርቋ በሉ፣ የልጆች ጥርስ ጠረሰ። ከአምስት ዓመት በኋላ መምጣቱስ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

የሕግ ተማሪ፦ ሁለታችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። የተሰረዘው በንዴት አይደለም፤ ያልተፈቀደ ጥቅም ያገኘ ተጫዋች ለመሰለፍ ብቁ አይደለም፣ ብቁ ያልሆነ የተሰለፈበት ድልም አይቆጠርም። ደንቡ ይህ ነው። ሌላው አማራጭ ደግሞ የባሰ ነበር። ነገሩ በ2015 ይፋ ሲወጣ ዩኒቨርሲቲው በራሱ ፈቃድ ከ2016ቱ ውድድር ወጣ። ዴሚየን ሊ እና ትሬይ ሉዊስ ግን ወደ ሉዊቪል የመጡት ለአንድ የመጨረሻ ዓመት፣ ያንኑ ውድድር ለመጫወት ነበር። በቅሌቱም አልነበሩበት፣ በዋንጫውም። እነርሱን ከመቅጣት ያለፈውን መሰረዝ ይሻላል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በ2017 ሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ለ18 ዓመታት ገደማ ስም ብቻ የነበራቸውን ትምህርቶች ለስፖርተኞችም ሲሰጥ ቆይቶ፣ ለሌላውም ተማሪ ክፍት ነበሩ ተብሎ ያለ ቅጣት አለፈ። ዋንጫዎቹ እስከ ዛሬ አሉ። ትምህርት ቤት ትምህርትን ሲያጭበረብር ዝም ብሎ፣ እዚህ መዶሻ ማንሣት ምን ዓይነት ሚዛን ነው?

ከአትላንታ፦ አሁን ወደ እኔ መጣህ። ደግሞስ ዋንጫው ለሚሺጋን አልተሰጠም፤ የዚያ ዓመት ሻምፒዮን የለም። በሩጫ ቢሆን የተሰረዘበት ሰው ቦታ ለቀጣዩ ያልፋል፤ የመሰረት ደፋር የቤጂንግ 5,000 ሜትር ነሐስ ከዓመታት በኋላ ወደ ብር ያደገው እንዲህ ነው። እዚህ ግን ለማንም አልሆነም።

የቀድሞ አሰልጣኝ፦ ሚሺጋንም ቢሆን በ1992 እና በ1993 ለፍጻሜ የደረሰበት ውጤት ተጫዋቾቹ ከአንድ ደጋፊ በወሰዱት ገንዘብ ምክንያት ተሰርዞበታል። ስለ ሃንኮክ ያልከው ግን ልክ ነው። እርሱና አራት ጓደኞቹ ኤንሲኤኤን ከስሰው በ2019 ስምምነት ላይ ሲደረስ፣ የግል ክብራቸው ተመልሷል፤ የውድድሩ ኮከብ መባሉም ጸንቷል። ዋንጫው ሳይመለስ መቅረቱን ግን እደግፋለሁ።

ከሉዊቪል፦ እዚህ ነው የምኖረው። በስታዲየሙ ጣሪያ ላይ የ1980 እና የ1986 የሻምፒዮንነት ሰንደቆች ተሰቅለዋል፤ የ2013ቱን በፌብሩዋሪ 2018 አወረዱት። አንድ ቀን ልጄ ቀና ብሎ ቆጠረና «በ2013 ማን አሸነፈ?» አለኝ። 82 ለ 76 እኛ አልኩት። «ታዲያ ለምን አወረዱት?» ሲለኝ፣ ለ11 ዓመት ልጅ የሚነገርበት ቃል አጣሁ።