እርድ የትልቁን አንጀት ሽፋን ይጠግናል? ኪኒንስ ይተካል?

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)

የተከበራችሁ አባላት፣ ታላቅ ወንድሜን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ለወራት ሲያሠቃየው ቆይቶ፣ አዲስ አበባ ሄዶ በኮሎኖስኮፒ (አንጀትን ውስጡን በሚያሳይ ካሜራ ያለው ቱቦ) ሲታይ አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የሚባል የትልቁ አንጀት ቁስለት እንዳለበት ተነገረውና ሰልፋሳላዚን ታዘዘለት። መድኃኒቱን ከጀመረ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ደሙም ቆሟል። አክስታችን ግን በየማለዳው አንድ የሻይ ማንኪያ የእርድ ዱቄት በሙቅ ውኃ በጥብጣ፣ ማር ጠብ አድርጋ ታጠጣዋለች፤ «ያዳነህ እርዱ ነው፣ ኪኒኑን ተወው» እያለችም ትወተውተዋለች። ሽንቱ ወደ ብርቱካንማ ቢጫ ስለተለወጠ፣ «ይኸው በሽታውን አጥቦ እያወጣው ነው» ብላ ይህንኑ ማስረጃ አድርጋዋለች። እርድ የአንጀትን ሽፋን ይጠግናል የሚል ነገር እኔም አንብቤያለሁ። እውነትነቱ ምን ያህል ነው? ኪኒኑንስ ቢያቆም ምን ይሆናል?

መልስ 1 (ፋርማሲስት፣ ደብረ ብርሃን)

ከሁሉ በፊት ኪኒኑን እንዳያቋርጥ። የሽንቱን ቀለም የለወጠው በአብዛኛው ራሱ ሰልፋሳላዚን ነው፤ ይህ መድኃኒት ሽንትን፣ አልፎ አልፎም ቆዳን ብርቱካንማ ቢጫ ያደርጋል፣ ጉዳትም የለውም። ቢጫው ከዓይኑ ነጭ ክፍል ላይ ከታየ ግን የጉበት ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ወደ እርዱ ስንመጣ፣ አክስትዎ ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም። የትልቁ አንጀት ግድግዳ በዝልግልግ ፈሳሽ ተሸፍኖ የሚኖር ሲሆን፣ ከግድግዳው ጋር የተጣበቀው የውስጠኛው ንብርብር ባክቴሪያ ወደ ሕዋሶቹ እንዳይደርስ ይከላከላል። በዚህ በሽታ ይህ ሽፋን ይሳሳል። ኩርኩሚን የተባለው የእርድ ቢጫ ንጥረ ነገር ብግነትን እንደሚያበርድና በሕዋሶች መካከል ያለውን መጋጠሚያ እንደሚያጠብቅ በላቦራቶሪ ሕዋሶችና በአይጦች ላይ ታይቷል። ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ስለሆነ አብዛኛው አንጀት ውስጥ ይቀራል፤ ለሌላ በሽታ ጉድለት የሆነው ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል ማለት ነው።

በሰው ላይም ተሞክሯል። በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ የጃፓን ጥናት ሕመማቸው የበረደላቸው 89 ሰዎች ለስድስት ወር ክትትል ተደርጎላቸዋል፤ በቀን 2 ግራም ኩርኩሚን ከወሰዱትና ከተገመገሙት 43 ሰዎች ሕመሙ ያገረሸባቸው 2 ሲሆኑ፣ ባዶ ኪኒን ከተሰጣቸው 39 ሰዎች ግን 8 ናቸው። ልብ ይበሉ፤ ሁለቱም ወገኖች ሰልፋሳላዚን ወይም የእሱን ዘመድ መድኃኒት አላቋረጡም ነበር። ኩርኩሚን የታየው በኪኒኑ ላይ ተደርቦ እንጂ በእሱ ፈንታ አይደለም።

መልስ 2 (ከበሽታው ጋር ዘጠኝ ዓመት የኖርኩ፣ ደብረ ሲና)

መጠኑን ያስቡት። በእርድ ዱቄት ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ከመቶ 3 እጅ ገደማ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ 3 ግራም ቢመዝን የሚገኘው 0.1 ግራም እንኳ አይሞላም፤ በጥናቱ የተሰጠውን 2 ግራም ለማግኘት ወንድምዎ በየቀኑ ከ60 ግራም በላይ ዱቄት መዋጥ ይኖርበታል። ያን የሚችል ሆድ አላየሁም። እኔ በአራተኛው ዓመቴ ደህና ነኝ ብዬ ኪኒኑን ትቼ ነበር። በሦስተኛው ወር ደሙ ተመለሰ፤ ከሥራም ሁለት ወር ቀረሁ። እርዱን በአልጫ ወጥ ውስጥ አሁንም እበላዋለሁ፣ ስለሚጣፍጠኝ።

መልስ 3 (ከአንኮበር አካባቢ)

ስለ ሽፋኑ ከተነሣ ገብሳችንን ለምን ዘለላችሁት? የገብስ አሰር ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርስና ባክቴሪያዎች አብላልተው ቡቲሬት ወደሚባል የስብ አሲድ ይለውጡታል፤ የአንጀቱ ሕዋሶችም አብዛኛውን ጉልበታቸውን የሚያገኙት ከዚሁ ነው። አሰር የተከለከሉ አይጦች ላይ ባክቴሪያዎቹ የሚበሉት ሲያጡ ራሱን ዝልግልጉን ሽፋን መብላት እንደጀመሩ ታይቷል። ስለዚህ በሶ ይበጥብጡለት።

መልስ 4 (ፋርማሲስቱ፣ በድጋሚ)

በሶው ጥሩ ነው፤ ሕመሙ በበረደበት ጊዜ ግን። ደም በሚኖርበት ወቅት ቆሎና ገለባ ያለው እህል ሊያባብስበት ይችላል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ደሙ ከተመለሰ ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ሰገራው ለአሜባ ይመርመር። አሜባም ይህንኑ ሽፋን እያሟሟ ስለሚገባ ምልክቱ ከኮላይቲስ ጋር ይመሳሰላል፤ አሜባ ላለበት ሰው ስቴሮይድ (ለኮላይቲስ የሚሰጥ ብርቱ ብግነት አብራጅ) ከተሰጠው ደግሞ ሕመሙ እጅግ ይከፋል። ሰልፋሳላዚን ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን ስለሚቀንስ ፎሊክ አሲድ ታዝዞለት እንደሆነም ይጠይቁ። የተጠናከረ የኩርኩሚን ኪኒን፣ በተለይ ከቁንዶ በርበሬ ቅመም ጋር የተቀላቀለውን፣ ሳያማክር አይጀምር፤ ጉበት የጎዳባቸው ሰዎች አሉ።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ። ዓይኑን በቀን ብርሃን አየሁት፤ ነጭ ነው። አክስቴ እርዱን እንድታጠጣው፣ ኪኒኑን ግን በእጇ እየቆጠረች እንድትሰጠው ተስማምተናል። ፎሊክ አሲድ አልታዘዘለትም፤ በቀጠሮው እጠይቃለሁ።